የክረምቱ ውድድር በዝናብ እንዳይበተን

ተማሪ የሚያርፈው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ዝናቡም የሚበረታው ያኔውኑ ነው። ከሆለታ እስከ ባኮ ባሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የታዳጊዎች እግር ኳስ ውድድር የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ዕጣ ሲያወጣ ዝናቡንም አብሮ ማሰብ አለበት።

መጀመሪያ ሰዓቱን ይምረጥ። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣና ደመና ሠርቶ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተጀምሮ ከ6 ሰዓት በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። የጨዋታው ሕግ ለታዳጊዎች ከ45 ደቂቃ ያነሰ አጋማሽ ስለሚፈቅድ፣ አጋማሹ 25 ደቂቃ ከሆነ ሦስት ጨዋታ ይገባል። በየሳምንቱ አንድ ባዶ ቀን ደግሞ ለተላለፈ ጨዋታ ይቀመጥ።

አስቸጋሪው ሜዳው ነው። በጊንጪ ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ሲረጥብ ያብጥና ውሃ አላሰርግ ይላል። የአካባቢው ገበሬ ውሃውን የሚያስወጣው በማሳው ላይ ቦይ እያወጣ ነው። ለሜዳም መላው ይኸው ነው፦ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከመስመሩ ራቅ ብሎ፣ በተዳፋቱ በኩል ቦይ መቆፈር። ያቆረ ውሃ ላይ አፈር መድፋት ጭቃውን ያብሳል። ውሃውን በመጥረጊያ ገፍቶ፣ የቀረውን በጨርቅ አድርቆ፣ ከዚያ አሸዋ መበተን ይሻላል።

ዳኛው ኳሷን ከትከሻው ከፍታ ይልቀቃት። ሳትነጥር ከቀረች ወይም የረገጠበት ዱካ ውሃ ከሞላ ጨዋታው ይተላለፍ። በ1974 በፈረንጆች አቆጣጠር ምዕራብ ጀርመንና ፖላንድ ፍራንክፈርት ላይ የዓለም ዋንጫ ጨዋታቸውን ያደረጉት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውሃውን በፓምፕ ሲያስወጡ ቆይተው ነው። እኛ ፓምፕ የለንም። በራሰ ሜዳ ላይ የተደረገ አንድ ጨዋታ ሣሩን ይነቅለዋል፤ ጭቃውም ሲደርቅ ጎድጓዳ ሆኖ የልጆች ቁርጭምጭሚት ወለም ይልበታል።

መስመር በኖራ ማስመር የተለመደ ነው፤ በዝናብ ግን አደገኛ ነው። የረጠበ ኖራ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል። ወድቀው የሚነሡት ልጆች ናቸውና በጄሶ ወይም በውሃ ቀለም ይሰመር።

ነጎድጓድ ከተሰማ ድርድር የለም። ልጆቹ ከሜዳ ወጥተው መማሪያ ክፍል ወይም መኪና ውስጥ ይግቡ፤ ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል መብረቅ መጥራት ነው። የሚመለሱት የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ርሶ የቆመ ልጅ ቶሎ ይበርደዋል፤ ደረቅ ልብስ ይዘው ይምጡ።

ጠብ የሚነሣው በተቋረጠ ጨዋታ ነው። የውድድሩ ደንብ ሌላ ካላለ በሕጉ መሠረት ጨዋታው እንደ አዲስ ይደገማል። 2 ለ 0 ሲመራ የነበረ ቡድን ይህን በቀላሉ አይቀበልም። እኔ የምመርጠው ውጤቱ ጸንቶ የቀረው ደቂቃ በማግስቱ ጠዋት እንዲጠናቀቅ ነው። ኮሚቴው የትኛውንም ይምረጥ፣ በጽሑፍ አስፍሮ ዕጣ በሚወጣበት ቀን አሰልጣኞቹን ሁሉ ያስፈርም።