መመለሻ ያለው አገር

ከደንገጎ ቁልቁለት የወረደ መኪና ፍሬኑ ይሸታል። ከኤረር በኩል የመጣው ባሌስትራው ላልቶ፣ ብሎኖቹ ተፈታትተው ይገባል። ጅጅጋ ሜዳ ላይ የከረመውን ለመለየት ደግሞ የአየር ማጣሪያውን ከፍቶ ማየት ይበቃል፤ በደቃቅ አቧራ ታፍኗል። ድሬዳዋ ውስጥ ደቻቱ ወንዝ ዳር በምንሠራባት ጋራዥ፣ ሾፌሩ ወርዶ ሳይጨብጠን በየት እንደመጣ አብዛኛውን ጊዜ እናውቃለን። መኪና ሥር ተንጋሎ ስለ አገር ብዙ መማር ይቻላል፤ ይህን ማስታወሻ የምጽፈውም ከዚያው ባገኘሁት እውቀት ነው።

በቅርብ ዓመታት ጉዞውን ራሱን ፈልገው የሚመጡ ሰዎች በዝተዋል። ድንኳናቸውን ፖርቶመጋላው ላይ አስረው፣ ውሃና ናፍታ ጭነው፣ ምግባቸውን ከመኪናው ጎን እያበሰሉ ለቀናት የሚዞሩ ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ወጣቶች አሉ፤ ለእረፍት ከውጭ የገቡ ልጆቻችን አሉ፤ አልፎ አልፎም የውጭ አገር ሰዎች ይመጣሉ። የሁሉም ጥያቄ መጀመሪያ ስለ መኪናው ነው፤ ላንድክሩዘር ይሻላል ወይስ ሌላ፣ ጎማው ምን ዓይነት ይሁን፣ ስንት ሊትር እንያዝ። የአገሩን ምርጫ ግን ጨርሰው ነው የሚመጡት። ሰው የሌለበት፣ አስፋልት ያልደረሰበት፣ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ካገኙ ሁሉ ነገር የተሟላ ይመስላቸዋል። ናሚቢያን እንደ ምሳሌ የሚያነሱልኝም አሉ። በ825 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ብቻ የሚኖርባት አገር ናት። ይሁን እንጂ የናሚቢያ ዝና ከባዶነቷ ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ የጠጠር መንገዶቿ እኮ በግሬደር እየተስተካከሉ ነው የሚቆዩት።

እኔ አንድን አካባቢ ለመኪና ጉዞ ተመቸ የምለው መመለሻ ሲኖረው ነው። የተሰበረው የሚጠገንበት፣ አንዱ መንገድ ቢዘጋ ሌላ የሚገኝበት፣ ሲመሽ የሚጠየቅ ሰው የማይጠፋበት አገር ማለቴ ነው። ድሬዳዋና ዙሪያዋ በዚህ መለኪያ ከሀገራችን ከማንኛውም ቦታ ጋር ይወዳደራሉ ብዬ አምናለሁ።

መኪና ራሱ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ በምሥራቁ በር ነበር። ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተነስቶ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና አዲስ አበባ አድርሷል፤ በዚያው ሰሞን አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊም የራሱን ይዞ ገብቷል። ያኔ ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ በቆላው መስመር በሑርሶ፣ በኤረርና በአፍደም አድርጎ ወደ ሚኤሶ የሚነዳ ሰው የባቡሩን ውለታ አያስተውልም። በእንፋሎት ዘመን ባቡሩ እየቆመ ውሃ መሙላት ነበረበት፤ ስለዚህ ጣቢያዎቹ እርስ በርስ ብዙ ሳይራራቁ፣ ውሃ በሚገኝበት ወይም ሊደርስ በሚችልበት ቦታ ተተከሉ። በየጣቢያው ሻይ ቤት፣ ሱቅ፣ ቀጥሎም ጎሚስታ ተከተለ። በረሃ የሚመስለው መንገድ ስለዚህ ነው ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሰው። ኤረር ላይ ፍል ውሃም አለ፤ ቀኑን ሙሉ ኮረኮንች ላይ ለተንገጫገጨ ወገብ ከእሱ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም።

የባቡሩ ሌላው ስጦታ ባለሙያው ነው። የምድር ባቡሩ ትልቅ የጥገና ወርክሾፕ ለዘመናት እዚሁ ድሬዳዋ ስለነበር፣ ቶርኖ የሚያውቅ፣ ብረት የሚበይድ፣ ከወዳደቀ ብረት ዕቃ የሚያወጣ ትውልድ በከተማው ተፈጥሯል። ለአሮጌ ላንድሮቨር ዕቃው ከገበያ ቢጠፋ ልኩን ወስዶ የሚቀርጽ ሰው እናገኛለን። ለዚህ ነው ለረጅም ጉዞ ባሌስትራ ያለውን መኪና የምመርጠው፤ ባሌስትራ ተሰብሮ ቢገባ አንጥረኛም ቢሆን አንድ ነገር ያደርገዋል። በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ በአየር የሚነፋ ሶስፔንሽን አፍደም ላይ ቢተኛ ግን የሚያስነሳው የለም።

ከድሬዳዋ የሚወጡት መንገዶች እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ደቡብ ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያ የደረሰ ሰው 2,000 ሜትር ላይ ነው፤ በአጭር መንገድ ጃኬት የሚያስለብስ አየር ያገኛል። ደንገጎ መገንጠያ ላይ ወደ ግራ ለታጠፈ ሐረር አለች፤ ቀጥሎ ባቢሌ፣ ከባቢሌ ወዲያ አለት በአለት ላይ የተደራረበበት የዳካታ ሸለቆ፣ ከዚያም ጅጅጋ። ወደ ቀኝ የታጠፈ ቁልቢን፣ ጨለንቆን፣ ሒርናንና ጭሮን በደጋው አስፋልት ተከትሎ ሚኤሶ ይወርዳል። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ደግሞ 220 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የክፍያ መንገድ ደወሌ፣ ጂቡቲ ድንበር ላይ ያደርሳል። ከከተማው ሳይርቅ ታሪክ ማየት ለሚፈልግም ለጋ ኦዳ የዋሻ ሥዕሎች አሉ።

ከሁሉም የምወደው ግን ዙሪያውን ነው፤ በደጋው በጭሮ ወርዶ፣ ሚኤሶ ላይ ታጥፎ፣ በቆላው ፒስታ በአፍደምና በኤረር መመለስ። ጫትና ማሽላ ካለበት ዳገት ተነስቶ ግራርና ግመል ያለበት ሜዳ የሚያደርስ፣ መጨረሻውም መነሻው የሆነ መንገድ ነው። መኪናውን በሁለት በኩል ይፈትነዋል። ደጋው ፍሬንና ራዲያተር ይጠይቃል፤ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እንጂ ፍሬን ረግጠው እንዳይወርዱ ደጋግሜ እናገራለሁ። ቆላው ጎማና ባሌስትራ ይጠይቃል፤ አሸዋ ሲገጥም የጎማውን ንፋስ ከ35 ወደ 20 ፒኤስአይ ማውረድ፣ ጠጠር ላይ ሲወጡ መልሶ መሙላት። ዙሪያው የአፋርና የኢሳ ግጦሽ በሚዋሰንበት አካባቢ ስለሚያልፍ፣ ግጭት በሚያገረሽበት ሰሞን ማንንም አልልክበትም። ከመነሳት በፊት ከዚያው የሚመላለሱ የአይሱዙ ሾፌሮችን መጠየቅ ነው፤ የዛሬ ጠዋቱን ወሬ የያዙት እነሱ ናቸው።

ከመንገድም ከመኪናም በላይ የሚያሳስበኝ ውሃ ነው። ደቻቱ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ከከዚራ ወደ መጋላ የሚሻገር ሰው ወንዝ እየተሻገረ መሆኑን ሊረሳ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በዚህ አሸዋ ላይ ወርዶ የተኛ ሰው ወሰደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ የደረሱበት ሳይታወቅ የቀሩትም ብዙ ናቸው። የዚያን ሌሊት ጩኸት የሰማ የደቻቱ ሰው ደረቅ ወንዝ ብሎ አይናገርም።

በዙሪያችን እንደ ደቻቱ ያሉ ብዙ አሸዋዎች አሉ፤ ለድንኳን ደግሞ የሚያባብሉ ናቸው። ሜዳ ነው፣ እሾህ የለውም፣ ገደሉ ከነፋስ ይከልላል። አንድ ከውጭ የመጣ ልጅ በስልኩ እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ ካርታው እኮ መንገድ ብሎታል» አለኝ። «አዎ ልጄ፣ መንገድ ነው፤ የውሃ መንገድ ነው» አልኩት። ተራራው ለከተማው ቅርብና ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ላይ የዘነበው ታች ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም፤ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ እየታየ ጎርፉ ይመጣል። ስለዚህ ድንኳን የሚተከለው ዳር ላይ ከፍ ብሎ ነው። ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ጭራሮና ገለባ ካያችሁ ውሃው እዚያ ድረስ ደርሶ ያውቃል፤ ከዚያ በላይ ውጡ። በበልግና በክረምት ሰዎቼ ወደ ቆላ ሲወርዱ እኔ ደንገጎ ላይ ለሚኖር ወዳጄ እደውላለሁ። ደመናው ከከበደ ለእነሱ እደውላለሁ። ስልክ የማይሠራበትን ቦታ የማልመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰው የሌለበትን አገር ከሚመኙትም ጋር አልስማማም። ወደ ደወሌ በሚወስደው ሜዳ ላይ ባዶ የሚመስለው መሬት ባለቤት አለው፤ ግጦሹም ጉድጓዱም ሕግ አለው። የኢሳ ሶማሌዎች በቃል የሚተላለፍ ሕግ፣ ሔር ኢሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ፣ በጂቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ተጓዥ በዚያ ሕግ ውስጥ ነው የሚያድረው። መኪናውን ከመንደሩ ራቅ አድርጎ አቁሞ፣ በእግር ሄዶ ሽማግሌዎቹን ሰላም ብሎ፣ የት ቢያድር እንደሚሻል የጠየቀ ሰው ከብት የሚያልፍበትንም ጎርፍ የሚወርድበትንም ቦታ በአንድ ጊዜ ያውቃል። ሳይጠይቅ ከጉድጓድ አጠገብ ድንኳን የተከለ ግን፣ ለመጠጣት ሌሊት የሚመጣውን መንጋ ከልክሏል። ጠዋት የሚመጣበት ቁጣ ይገባዋል እላለሁ።

ነዳጅ በየከተማው ማደያ ቢኖርም ሰልፉ አይታመንም፤ በጀሪካን መቅዳትም በየጊዜው ይከለከላል፤ ስለዚህ ተጨማሪ ታንክ ማስገጠም ይሻላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በመከልከሉ በኤሌክትሪክ መኪና የሚመጣ ተጓዥም ማየት ጀምረናል። ሐረር ደርሶ መመለስ ለእሱ ቀላል ነው። ለአፍደም መስመር ግን ቻርጀር እስኪተከል መጠበቅ አለበት።

መርሐ ግብር አውጣልን ለሚሉኝ የምመልሰው አንድ ነው። መጀመሪያ ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ላይ እደሩ፤ በነጋታው እዚሁ ተመለሱ። ጎማ እናያለን፣ ብሎን እናጠብቃለን፣ ጭነት እንመዝናለን። ብዙዎቹ ያኔ ከፖርቶመጋላው ላይ ግማሹን ዕቃ አውርደው እኛው ጋ ያስቀምጡታል፤ ከዚያ በኋላ ጅጅጋም ይሁን ደወሌ፣ በመረጡት መሄድ ይችላሉ።