በጆሮ የሚታወቅ የንግድ ምልክት

በሐረር ጀጐል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው ጠባብ መንገድ የሚያልፍ ሰው የልብስ ሰፊዎች ሠፈር መድረሱን ለማወቅ ሰሌዳ ማንበብ አያስፈልገውም፤ የስፌት መኪናው ድምፅ አስቀድሞ ይነግረዋል። መንገዱ «መኪና ግርግር» የተባለውም በዚሁ ድምፅ ምክንያት ነው። ማንም ባለሱቅ ገንዘብ አውጥቶ ሳያስነግር የሥራው ድምፅ ለመንገዱ ስም ሆኖለታል።

ድምፅ የማስታወቂያ መሣሪያ መሆኑ በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። ነጋሪት ሲጐሰም ሕዝቡ ዐዋጅ መኖሩን ተረድቶ ይሰበሰብ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣም ስሙን ከዚሁ ከበሮ ወስዶ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሏል። ይህን የነጋሪትና የመለከት ልማድ ወደ ንግድ አዛውረው ታላቅ ጥቅም ካገኙበት መካከል ግን የአሜሪካን የሲኒማ ኩባንያዎች የሚያህል ጥቂት ነው። የእነርሱም ታሪክ ለነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት አለው።

በ1933 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ሼንክና ዳሪል ዛነክ «ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፒክቸርስ» የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁሙ፣ አልፍሬድ ኒውማን የተባለው የሙዚቃ ደራሲ በፊልሞቹ መጀመሪያ ላይ የሚሰማ አጭር ዜማ ደረሰላቸው። ዜማው በከበሮ ጀምሮ በመለከቶች የሚቀጥል ሲሆን ርዝመቱ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አዳራሹ ጨልሞ ከበሮው ሲመታ ተመልካቹ ዝም ይላል፤ አንድም ተዋናይ ሳይታይ ዕቃው የማን እንደ ሆነ ይታወቃል። በቡና ጆንያ ላይ የታተመ ምልክት ለገዢው የሚሠራለትን ሥራ ዜማው በጆሮ በኩል ይሠራል ማለት ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ከፎክስ ፊልም ጋር ተዋሕዶ «ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ» በተባለ ጊዜም ዜማው ወደ አዲሱ ማኅበር ተሻገረ።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ለውጥ ከገበያው ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው። ቴሌቪዥን ወደየቤቱ ገብቶ የሲኒማውን ደንበኛ ሲወስድ፣ ኩባንያው በ1953 እ.ኤ.አ. «ሲኒማስኮፕ» የተባለውን ሰፊ መጋረጃ አወጣ። የአዲሱን ዕቃ ስም ለማሳየት ተጨማሪ ጊዜ ስላስፈለገም ኒውማን ለቀድሞው ዜማ መጨረሻ ቀጥሎ ጻፈለት። ልብ ሊባል የሚገባው፣ አዲስ ዕቃ ስለ መጣ አሮጌው ዜማ አለመጣሉ ነው። ደንበኛው የሚያውቀው እንደ ነበረ ሆኖ፣ አዲሱ ነገር በላዩ ተጨመረ።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ዜማው አልፎ አልፎ ብቻ ይሰማ ጀመር። ኒውማንም በ1970 እ.ኤ.አ. አርፎ ነበር። ከመረሳት ያዳነው የፊልም አዘጋጁ ጆርጅ ሉካስ ነው። ሉካስ በ1977 እ.ኤ.አ. ለወጣው «ስታር ዎርስ» ለተባለው ፊልሙ ይኸው ዜማ እንዲቀድም ፈለገ፤ የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው ጆን ዊሊያምስም የራሱን መክፈቻ ከኒውማን ዜማ ጋር በአንድ ቅኝት አደረገው። በዚህ የተነሣ ለብዙ ተመልካቾች ሁለቱ እንደ አንድ ሆኑ። ከዚያም በ1997 እ.ኤ.አ. የደራሲው ልጅ ዴቪድ ኒውማን የአባቱን ዜማ እንደገና በኦርኬስትራ አስቀረጸ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደሚባለው፣ ዜማውም ከደራሲው ዕድሜ አልፎ ሠራ።

ይህ ሀብት ምን ያህል ከባለቤቱ ጋር የተጣበቀ እንደ ሆነ ከዚህ ወዲህ በሁለት ነገር ታየ። በ2015 እ.ኤ.አ. «ስታር ዎርስ» በዲዝኒ ኩባንያ እጅ ሆኖ አዲስ ፊልም ሲወጣ፣ የፎክስ ዜማ ከፊቱ አልተሰማም፤ ዕቃው ሲሄድ ምልክቱ ከቀድሞው ሻጭ ጋር ቀርቷልና። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዲዝኒ አብዛኛውን የፎክስ ንብረት 71 ቢሊዮን ዶላር በሚያህል ዋጋ ገዛ፤ በዓመቱም «ፎክስ» የሚለውን ቃል ሰርዞ ድርጅቱን «ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ስቱዲዮስ» አለው። ስሙ ሲለወጥ ዜማው ግን አልተለወጠም። ገዢው የተጻፈውን ስም ለመጣል ሲደፍር በጆሮ የለመደውን አልነካም።

በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ድምፅ ሕግም ይጠብቀዋል። ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የራዲዮ ኩባንያ ሦስት የደወል ድምፆቹን በ1950 እ.ኤ.አ. አስመዝግቧል፤ የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር አንበሳ ግሣትም የተመዘገበ ምልክት ነው።

የኢትዮጵያ ነጋዴ እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባዋል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ዐዋጅ ቁጥር 501 ምልክትን የተረጐመው «የሚታይ» በማለት ነው፤ ይኸውም ቃልን፣ ሥዕልን፣ ፊደልን፣ ቍጥርን፣ ቀለምን፣ የዕቃን ቅርጽና መያዣውን ያጠቃልላል። ስለዚህ በራዲዮ ወይም በድምፅ ማጕያ የሚያስነግር ባለሱቅ ዜማውን በዚህ ዐዋጅ አስመዘግባለሁ ብሎ ከሆነ አለኝታው ባዶ ነው። ዜማው ሊጠለል የሚችለው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጅ መብት ዐዋጅ ቁጥር 410 ሥር፣ የሙዚቃ ሥራ በመሆኑ ነው። ያም መብት ሲነሣ መጀመሪያ የሚታሰበው ደራሲው ነው። ስለዚህ ዜማ ያሠራ ነጋዴ ከሙዚቃው ሰው ጋር በጽሑፍ ካልተዋዋለ፣ ለዓመታት ገንዘብ ያፈሰሰበት ድምፅ አንድ ቀን በተወዳዳሪው ሱቅ በር ላይ ሲዘፈን ሊሰማና በምን እንደሚከስ ሊቸገር ይችላል።

የሚታየው ምልክት ሲጠበቅ ምን እንደሚያስገኝ ለሐረር ነጋዴ ሩቅ ምሳሌ አይሻም። የኢትዮጵያ መንግሥት «ሐረር»፣ «ሲዳሞ» እና «ይርጋ ጨፌ» የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ በ2005 እ.ኤ.አ. አመለከተ፤ ከክርክር በኋላም በ2007 እ.ኤ.አ. ስታርባክስ የተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ለስሞቹ ዕውቅና የሚሰጥ ስምምነት ተፈራረመ። ቡናው ከዚያ በፊትም ሐረር ይባል ነበር፤ አዲሱ ነገር በስሙ ላይ ባለቤት ነኝ ባይ መነሣቱ ነው።

እንግዲህ በድምፅ ለሚነግድ ሰው ሦስት ነገር ይበጀዋል። አንደኛ፣ ዜማው አጭርና የራሱ ይሁን፤ ከታወቀ ዘፈን የተቀነጨበ ድምፅ ከትርፉ ክሱ ያመዝናል። ሁለተኛ፣ ውሉን በጽሑፍ ያድርግ፤ ቅጂውንና የተቀረጸበትን ቀን ከሌሎች የንግድ ሰነዶቹ ጋር ያስቀምጥ፤ በዓይን የሚታየውን ስምና ሥዕል ደግሞ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያስመዝግብ። ሦስተኛ፣ ደንበኛው የለመደውን በየዓመቱ አይለውጥ፤ ዕቃው ቢታደስ በአሮጌው ላይ ይጨምር። የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች ይህን ሁሉ ያገኙት ያለ ውልና ያለ ወጪ ነው፤ ነገር ግን የእነርሱ ድምፅ የመላው ሠፈር ነው። ለአንድ ሱቅ ብቻ የሚሆን ድምፅ የፈለገ ግን ዋጋውን ከፍሎ ወረቀቱን ይያዝ።