ሰክሮ ኦቶሞቢል ስለ ነዳ ሠራተኛ

አንድ ሠራተኛ ማታ ጠጥቶ ኦቶሞቢል ሲነዳ ፖሊስ ቢይዘው፤ አሠሪው በነጋው ከሥራ ሊያስወጣው ይገባልን? በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የምንኖር እኛ፤ መያዝና መፈረድ አንድ እንዳልሆኑ አስቀድመን እናስታውሳለን። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፤ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር አዝዟል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም፤ ከ30 ቀን ያልበለጠ እስራት የሥራውን ውል ለጊዜው ያግደዋል እንጂ አይቈርጠውም ይላል። ደመወዙ ግን በዚያ ጊዜ ይቋረጣል። መታሰሩም በ10 ቀን ውስጥ ለአሠሪው ሊነገር ይገባልና፤ የእስረኛው ሚስት ወይም ወንድም ስንቅ ባቀበሉ ጊዜ ወደ መሥሪያ ቤቱም ብቅ ቢሉ መልካም ነው፤ ይህን የሚያስብ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው።

ሥራው መንዳት የሆነ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ሰክሮ ወደ ሥራ መምጣትን ያው አዋጅ ከልክሏል፤ በመጠጥ ለተያዘ ሾፌርም በማግሥቱ መሪውን መልሶ መስጠት በመንገድ የሚሄደውን ሕፃን መበደል ነው። እንዲህ ያለውን ነገሩ እስኪጣራ ድረስ በሌላ ሥራ ቢያቈዩት እንመርጣለን። ጸሐፊውን ወይም ግንበኛውን ግን ፍርድ ሳይሰጥ ማባረር፤ ቅጣቱን ባልጠጡት ልጆቹ ላይ ማሳረፍ ይመስለናል።