እንቅርቱ ወጥቶ ሕመሙ ሲቀር

በጉና ተራራ ምሥራቅና ደቡብ፣ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እንቅርት እንግዳ በሽታ አይደለም። አያት ነበረባት፣ እናት አለባት፣ ልጅም ታወጣለች። ብዙው ሰው «አያመኝም» እያለ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። ወደ ሐኪም የሚኬደው ትንፋሽ ሲያጥር፣ እህል አልወርድ ሲል ወይም ለአቅመ ሔዋን የደረሰችው ልጅ ሰው ፊት መቅረብ ስታፍር ነው። ያን ጊዜ ሪፈር ይጻፋል፤ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ይኬዳል፤ ወረፋ ተጠብቆ ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ክሩ ይወጣል፣ ቁስሉ ይደርቃል፣ ጎረቤት «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ለማለት ቡና ይዞ ይመጣል። ሐኪሙ መዝገቡን ይዘጋል፤ ቤተሰቡም ተገላገልን ይላል።

ለአንዳንዷ ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ወራት አልፈውም ማጅራቷን ይዟታል። ጠባሳው ምራቅ ስትውጥ ወደ ላይ የሚጎትታት ይመስላታል። አገጯ ሥር ያለው ቆዳ ደንዝዞ ሻሿ ሲነካው ብቻ ይለበልባታል። ሌሊት በአንድ ጎን ተኝታ ወደ ሌላው መዞር አይሆንላትም። እንዲህ ያለችው ሴት ቤት ስትቀመጥ ሰነፍ ትባላለች፤ ሐኪም ቤት ስትመለስ ደግሞ «ቁስሉ ድኗል እኮ» ይሏታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለው ተረት ለእርሷ የተተረተ ይመስላል። ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚቀር ሕመም በአገራችን የጤና ሥርዓት ባለቤት የሌለው ሕመም ነው። ይህ ለዓመታት ሳይነገር የኖረ ጉዳይ ሊነገር ይገባዋል።

መጀመሪያ ግን ያ ሁሉ አንገት ለምን ቢላ እንደሚያስፈልገው እንይ። እንቅርት በአብዛኛው የአዮዲን እጥረት ነው። በደጋው የክረምት ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፤ በዚያ መሬት የበቀለ ገብስና ድንች፣ ያንን ሣር የጋጠች ላም ወተት ሁሉ ከአዮዲን የተራቆተ ይሆናል። ጎመን ደግሞ አዮዲን በሌለበት ገበታ ላይ ሲዘወተር ችግሩን ያባብሰዋል። ስዊዘርላንድም ተራራማ አገር በመሆኗ እንደ ጋይንት የእንቅርት አገር ነበረች። የእንቅርትን ቀዶ ጥገና ከገዳይነት አውጥቶ አስተማማኝ ያደረገው ቴዎዶር ኮኸር የዚያው አገር ሰው ነው፤ በ1909 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ስዊዘርላንድ ግን ሕዝቧን ሁሉ በቢላ ለማዳን አልሞከረችም፤ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጨው ላይ አዮዲን ጨመረች፣ እንቅርቱም ከትውልዱ ጠፋ።

የእኛው ጨው ታሪክ ሌላ ነው። አዮዲን ያለው ጨው በአሰብና በምጽዋ በኩል መምጣት ጀምሮ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ያ በር ተዘጋ፤ ገበያውን የአፍዴራ ጨው ሞላው፤ አዮዲን ግን የሚጨምርበት አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ ሠላሳ ስድስት ገደማ የሚሆኑት እንቅርት ተገኘባቸው። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙት ቤተሰቦች 15 ከመቶ ነበሩ፤ በ2008ቱ ጥናት 89 ከመቶ ደረሱ። ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ዛሬ በሠላሳና በአርባ ዓመታቸው ቀዶ ጥገና ክፍል የሚገቡት ሴቶች ያ ጨው ሳይኖር ያደጉት ናቸው። መንግሥት መፍትሔውን ዘግይቶ በማምጣቱ ዋጋውን በአንገታቸው ከፍለዋል፤ ስለዚህ አብሯቸው ለቀረው ሕመም መንግሥት ኃላፊነት አለበት ማለት ትክክል ይመስለኛል።

ሕመሙ ከየት ይመጣል? ታማሚዋ በጀርባዋ ተኝታ፣ ትከሻዋ ሥር ትራስ ገብቶ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ተለጥጦ ለሰዓታት ትቆያለች። የማጅራት ጡንቻና መገጣጠሚያ ከዚያ በኋላ ቢያማት አያስገርምም። ቢላው ሲያልፍ የአንገትን ቆዳ የሚያገለግሉ ቀጫጭን ነርቮች ይቆረጣሉ፤ መደንዘዙና መለብለቡ ከዚያ ነው። ጠባሳው ከሥሩ ካለው ጡንቻ ጋር ሲጣበቅ በምትውጥበት ጊዜ ይጎትታታል። ሲያብጥ እንቅርት ከሚሆነው የታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ያሉት፣ የደምን ካልሲየም የሚቆጣጠሩት ጥቃቅን ዕጢዎች ከተጎዱ ደግሞ ከንፈርና ጣት ይነዝራል፣ እጅ ይኮማተራል። ታይሮይዱ በሙሉ ወጥቶ ምትክ ሆርሞኑ ካልተወሰደ ወይም ካነሰ መላው አካል ይከብዳል፣ ብርዱ ይበረታል፣ ጡንቻ ይታመማል። ይህንን «ብርድ መታኝ» ብላ የምታልፍ ሴት በደም ምርመራና በአንድ ክኒን የሚስተካከል ነገር ተሸክማ ትኖራለች ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቸግረው ምርመራው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሕመሙ ሲቀጥል ነው። ነርቭ አንዴ ከተጎዳ ሌባው ከሄደ በኋላም መጮኹን እንደማይተው ውሻ ሊሆን ይችላል፤ ቁስሉ ደርቆም ወደ አንጎል «አመመኝ» ማለቱን ይቀጥላል። የታማሚዋ ምናብ አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ የበሽታዎች ምደባ፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ከ3 ወር በላይ የሚቆይ ሕመምን ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ መዝግቦታል። እንደ ቀዶ ጥገናው ዓይነት ቢለያይም ቢያንስ ከአሥር ሰው አንዱ እንዲህ ያለ ሕመም አብሮት ይቀራል ተብሎ ይገመታል። የአንገት አጥንት ዲስክ ተቆርጦላቸው ከአዲስ አበባ የተመለሱትም እዚሁ ውስጥ ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን በዚህ አካባቢ ከእንቅርት ታካሚዎች ጋር አይወዳደርም።

የጋይንትና የስማዳ ኑሮ ለታመመ አንገት አይራራም። እንስራው በቢጫ ጀሪካን ተተክቷል፤ 20 ሊትር ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ በገመድ ጀርባ ላይ ታዝሎ ቁልቁለቱንና ዐቀበቱን ይወጣል። ገመዱ ትከሻን ወደ ኋላ ሲጎትት አንገት ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ፊት ይወጣል፤ የተቆረጠውም የተለጠጠውም ጡንቻ ያን ጊዜ ነው የሚሠራው። እንጨቱ አለ፣ ወፍጮ ቤት የሚሄደው እህል አለ። በሴፍቲኔት የታቀፈ ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ እርከን አለ፤ ድንጋይ መሸከም አለ። ሴፍቲኔቱ ሥራ ለማይችሉ የቀጥታ ድጋፍ መንገድ አለው፤ ለታመመም ለጊዜው ከሥራ ማረፊያ ይፈቅዳል። ሆኖም በዐይን የሚታይ ጉዳት የሌላት ሴት ለቀበሌው ኮሚቴ ምን ታሳያለች? ጠባሳዋ ድኗል። ጤና ጣቢያው «እስከዚህ ጊዜ ሸክም አትሸከም» የሚል አንድ ወረቀት ቢጽፍላት ግን ነገሩ ይለወጣል። ማዘዣ ወረቀት ላይ ከሚጻፉት መድኃኒቶች ብዙዎቹ የዚያን ያህል አይጠቅሟትም።

የመድኃኒቱ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በገጠር ከተማ ያለ መድኃኒት ቤት ማስታገሻ ሲጠየቅ ዲክሎፌናክ ይሰጣል። ለጥቂት ቀን ጥሩ ነው። ለወራት በየቀኑ ሲዋጥ፣ ያውም በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ በቆየ ሆድ፣ ጨጓራን ያቆስላል፣ ያደማል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ለሚለበልብ የነርቭ ሕመም ደግሞ እምብዛም አይሠራም። ለዚያ የሚሻለው፣ ብዙውን ጊዜ በድብርት መድኃኒትነቱ የሚታወቀው አሚትሪፕቲሊን ነው፤ በትንሽ መጠን፣ ማታ፣ በሐኪም ትእዛዝ። ውድ መድኃኒት አይደለም። የሚጎድለው «ይህ የነርቭ ሕመም ነው» ብሎ የሚለየው ባለሙያ ነው። ሞርፊንን በተመለከተ ዓለም ራሱ ፍትሐዊ አይደለም፤ የላንሴት ኮሚሽን በ2017 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በየዓመቱ ለዓለም ከሚከፋፈለው ወደ 300 ሜትሪክ ቶን የሚጠጋ ሞርፊንና መሰል ማስታገሻ ለድሆቹ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነው። ለካንሰር ታማሚና ለትኩስ ቁስል ይህ ግፍ ነው። ለወራት ለሚዘልቅ የአንገት ሕመም ግን ሞርፊንም ትራማዶልም መፍትሔ አይደሉም፤ ሱስ አምጥተው ሕመሙን እዚያው ይተዉታል።

ወጌሻ ጋ የሚሄዱም አሉ። ወጌሻ ለወለምታ ባለውለታችን ነው፤ አዲስ ጠባሳ ያለበትን አንገት መጠምዘዝ ግን አደጋ ነው፤ የአንገት አጥንት የተቀደደለት ሰው ፈጽሞ ሊያስነካው አይገባም። ጠበል የሚጠጡትን ማንም አይከለክልም። የንስሐ አባቶች እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ፤ የታይሮይድ ምትክ ክኒን በባዶ ሆድ በውኃ፣ ከቡናውና ከቁርሱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የሚዋጥ ነው፤ ጾሜን እሽራለሁ ብላ ክኒኗን የምትተው ሴት ከንስሐ አባቷ አንድ ቃል ብትሰማ ትድናለች።

ብዙ ወጪ የማይጠይቀው እርዳታ እንቅስቃሴ ነው። በጃፓን በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከታይሮይድ ቀዶ ጥገና ማግስት ጀምሮ አንገታቸውን በቀስታ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲያንቀሳቅሱ የተደረጉ ታካሚዎች የአንገት ሕመማቸውም፣ ማስታገሻ መፈለጋቸውም ቀንሷል። እዚህ ግን «እንዳይፈታብሽ አንገትሽን አታነቃንቂ» እየተባለች፣ አንገቷ በሻሽ ተጠቅልሎ ሳምንታት ትቆያለች፤ ሲፈታም ደርቆ ይገኛል። ቀዶ ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ሕመሙ እስኪብስ ሳይሆን መሳቡ እስኪሰማ ድረስ ማንቀሳቀስ፣ ሲደርቅም ጠባሳውን በንጹሕ ጣት በቅባት ማሸት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሕክምና ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ጎረቤት ነው። በየወረዳው ባለሙያ እስኪመደብ አንዲት ነርስ እነዚህን እንቅስቃሴዎች ለማሳየት ሩብ ሰዓት አይፈጅባትም።

እርግጥ ነው፣ ይህ አካባቢ ከሕክምና ችግር በላይ ችግር አይቷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የላይ ጋይንቷ ከተማ ነፋስ መውጫ በጦርነት ስትያዝ የጤና ተቋማቷ ተዘርፈዋል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት የወረታ ወልድያን መንገድ፣ የአካባቢው ሰው የቻይና መንገድ የሚለውን፣ ደጋግሞ ዘግቶታል። «በ3 ወር ተመለሺ» የተባለች የስማዳ ሴት መንገዱ ካልተከፈተ አትመለስም። ለዚህም ነው ክትትሉ ደብረ ታቦር ላይ ብቻ መቅረት የሌለበት። በቅርቧ ባለ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ አንገቷን የሚያይ፣ ድምጿን የሚሰማ፣ ሲያስፈልግም ደሟን የሚልክ ሰው ይበቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ካርድ ያላት ሴት ይህን የመጠየቅ መብት አላት።

ለአንባቢ የምለው ይህ ነው። አንገትሽን ከተቀደድሽ ወይም አንገትህን ከተቀደድክ 3 ወር አልፎ ሕመሙ ካልለቀቀ ወደ ጤና ጣቢያ ተመለስ፤ «አመመኝ» ብቻ አትበል፤ የት፣ መቼ፣ ምን ስትሠራ እንደሚብስ፣ ምን መሥራት እንደከለከለህ ተናገር። ክንድ ከዛለ፣ ድምፅ ከጠፋ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ አዲስ እብጠት ወይም ትኩሳት ከመጣ ቀን አይቆጠርም፤ በዕለቱ ይኬዳል። ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለውን ግዙ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቁት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ለደቡብ ጎንደር ዞን ጤና መምሪያና ለሆስፒታሎቹ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከአንገት ቀዶ ጥገና በኋላ በምትሰጡት የመውጫ ወረቀት ላይ የእንቅስቃሴውን መመሪያና የሦስተኛ ወር የሕመም ቀጠሮን፣ ለቅርቡ ጤና ጣቢያ አድርጋችሁ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ጻፉበት።