ደካማው የአየር ሁከት ይጠነክራልን?

በክረምት ወራት በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎችና በሱዳን ሰማይ ላይ ደካማ የአየር ሞገዶች ተነሥተው ወደ ምዕራብ ይጓዛሉ። የኦምዱርማን ተማሪ ደመናውን አይቶ «ይህ ወደ ታላቅ ማዕበል ይለወጣልን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ሁለት ክፍል አለው።

አንደኛ፣ ሞገዱ በየብስ ላይ ሳለ ወደ ባሕር አውሎ ነፋስ አይለወጥም። ለዚህ 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሞቀ ባሕር፣ እርጥብ አየር፣ እንዲሁም ከታች እስከ ላይ ፍጥነቱና አቅጣጫው ብዙ የማይለያይ ነፋስ ያስፈልጋል። አትላንቲክ ሲደርስ ግን ሊጠነክር ይችላል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1988 ከአፍሪካ ጠረፍ የወጣው ሞገድ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ግፊቱ እስከ 888 ሚሊባር የወረደ ጊልበርት የተባለ አውሎ ነፋስ ሆነ።

ሁለተኛ፣ አውሎ ነፋስ አልሆነም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት ኦገስት 4 እና 5 በካርቱም በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ 200 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ወረደ፤ ይህም ከተማይቱ በዓመት ከምታገኘው አማካይ ይበልጣል። የጭቃ ቤቶች ፈርሰው እጅግ ብዙ ሕዝብ ያለ መጠለያ ቀረ።

ስለዚህ መምህሩ ከነፋሱ ኃይል ጋር የዝናቡን መጠንና የጎርፉን መውረጃ አያይዞ ማስረዳት ይገባዋል።