በጁባ ቤት የሚጋገር የፎርማጆ ስኮን

የሱዳን የሰላም ስምምነት ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ከተፈረመ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ጁባ ሔደው ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተዋል። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነፃ አገር ስትሆን ጁባ ዋና ከተማዋ ሆነች። በዚያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ዳቦ በቤት መጋገር እንደ አገር ቤት ቀላል አይደለም። ዱቄት በብዛት የሚመጣው ከኡጋንዳ ሲሆን፥ ከኒሙሌ እስከ ጁባ ብቻ 192 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ፤ ስለዚህ የተበላሸ ሊጥ ውድ ኪሳራ ነው። በየካቲትና በመጋቢትም ሙቀቱ ወደ 38 ዲግሪ ስለሚጠጋ፥ በእርሾ የተቦካ ሊጥ ሳይታሰብ ኩፍ ብሎ ይኮመጥጣል። ይህንን በማሰብ ዛሬ እርሾ የማይሻውን የፎርማጆ ስኮን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ስኮን የስኮትላንድ ሰዎች ዳቦ ነው። ጥንት ምጣድ በሚመስል ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይጋገር ስለ ነበር፥ የቂጣችን ዘመድ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ዛሬ ኩፍ የሚያደርገው ቤኪንግ ፓውደር ነው።

ለ8 ስኮን የሚያስፈልገው 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፥ 3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፥ 50 ግራም የገበታ ቅቤ፥ 100 ግራም ፎርማጆ፥ ከ130 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ወተት፥ ጥቂት ጨውና ቁንጥር ሚጥሚጣ ነው።

ፎርማጆ ለመግዛት የሚወጣ ሰው በዐረብኛ «ጅብና» ማለት ፎርማጆ መሆኑን ይወቅ፤ ከእኛ ጀበና ጋር እንዳይምታታበት። ሱዳኖች «ጅብና በይዳ» የሚሉት ነጭ ፎርማጆ ጨው የበዛበት ነውና፥ ለ1 ሰዓት በውኃ ዘፍዝፎ ማጥለል ይገባል፤ በሊጡም ላይ ሌላ ጨው አይጨመርም። በአገር ቤት አይብ የሚሠራ ሰው ደግሞ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ውኃውን አጥብቆ ይጭመቀው፤ ያለዚያ ሊጡ ይቀጥናል።

የሥራው ሁሉ ቁልፍ የቅቤው ቅዝቃዜ ነው። ቀዝቃዛ ቅቤ በዱቄቱ ውስጥ በትንንሹ ተበታትኖ ይቆይና በእሳት ጊዜ ሲቀልጥ ስኮኑን ያፈረካክሰዋል። አስቀድሞ የቀለጠ እንደ ሆነ ግን ስኮኑ ጠፍጣፋና ደረቅ ይሆናል። ስለዚህ ቅቤውና ዱቄቱ በማቀዝቀዣ ወይም ከበረዶ አጠገብ ይደሩ፤ ሥራውም ፀሐይ ሳትወጣ ይጀመር። ዱቄቱን፥ ቤኪንግ ፓውደሩን፥ ጨውና ሚጥሚጣውን ከቀላቀሉ በኋላ ቅቤውን በጣት ጫፍ ብቻ ፈጥነው ያሹት። የተፈቀፈቀውን ፎርማጆ ጨምረው ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ ያፍስሱ። ሊጡ እንደ ተሰበሰበ ማሸቱን ይተዉ፤ ብዙ የታሸ ሊጥ ይጠነክራል። በ2 ጣት ውፍረት ዘርግተው፥ በዱቄት በተነከረ ብርጭቆ አፍ ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ይቁረጡት። ቤኪንግ ፓውደር እርጥበት ሲነካው ሥራውን ይጀምራልና፥ የተቆረጠው ሳይቆይ ወደ እሳት ይግባ።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ላለው ሰው፥ 220 ዲግሪ ሙቀትና ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። በከሰል የሚጋግር ሰው የድፎ ዳቦውን ዘዴ ያስታውስ፤ እሳቱ ከላይም ከታችም ነው። ወፍራም ድስት አስቀድሞ ይጋል፤ በውስጡም ጥቂት ጠጠር ይደርደርና ስኮኑ የተደረደረበት ሳሕን በላዩ ይቀመጥ። ፍሙ ከታች አነስ፥ በብረት ክዳኑ ላይ በዛ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ውስጡ ሳይበስል ሥሩ ያርራል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። የከሰል ፍም ጢስ ባይታይበትም የማይሸት መርዝ አለበት፤ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ስለዚህ መጋገሩ በግቢ፥ በነፋሻ ስፍራ ይሁን፤ ፍሙም እቤት ገብቶ አይደር።

ስኮን በትኩስነቱ ይበላል፤ ሲያድር ይደርቃል። ቡና ፈልቶ የጁባ ጎረቤት በተጠራ ጊዜ ጀበናውና ጅብናው ባንድ ገበታ ይቀርባሉ፤ የሁለቱም ስም ለጨዋታ መጀመሪያ ይበቃል።