ስለ እግር ኳስ ግጥሚያ ቅድመ ዘገባ የኅትመት መጠን

ስለ መጪው ግጥሚያ የሚጻፍ ዘገባ ዕድሜው ኳሱ እስኪለጋ ብቻ ነው። በባሕር ዳር በኩል የሚመጣ ጋዜጣ ደብረ ታቦር ለመድረስ ወረታ ላይ ተገንጥሎ ዳገቱን መውጣት አለበት፤ ከዘገየ ገጹ መጠቅለያ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ክፍል ቀድሞ ለብቻው ቢታተም ይሻላል።

አንድ ቅጠል ሰፊ የጋዜጣ ወረቀት ሁለት ገጽ ነው፤ መካከሉ ሲታጠፍ ግን ታብሎይድ የሚባሉትን አራት ገጾች ይሰጣል። ወረቀት አይጨምርም። ለምሳሌ የ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ፋሲል ከነማ ሲጋጠም፣ በመካከለኛዎቹ ገጾች ሁለቱ ቡድኖች ፊት ለፊት ይሰለፋሉ፤ በመጨረሻው ገጽ የደረጃው ሰንጠረዥ ይቀመጣል።

እርግጥ ነው፣ ቀድሞ በመታተሙ የመጨረሻው ሰዓት ወሬ ያመልጠዋል። ነገር ግን ያልደረሰ ትኩስ ወሬ ለአንባቢ ምን ይጠቅመዋል? ደግሞም አባት ዜናውን ሲያነብ፣ ልጅ ቅጠሏን ነጥሎ ወደ ሜዳ ይሄዳል።